ባሕር የማይደርሱ ወንዞችና የአምስት ቀኑ ጠርሙስ

«ቲቸር፣ ለምን አምስት ቀን ሆነ? አራት ወይም ስድስት ቢሆን ምን ችግር አለው?»

ለልምምድ ወደ ላብራቶሪ የሚመጡ ተማሪዎች የፍሳሽ ውኃ ምርመራ ሲጀምሩ ይህን ሳይጠይቁኝ አያልፉም። ደስ የሚለኝ ጥያቄ ነው። መልሱን ለመስጠት ግን ኬሚስትሪውን ትቼ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መሄድ ይኖርብኛል። እኔ የሻንቶ ልጅ ነኝ፤ ወላይታ ውስጥ ዳሞት ፑላሳ ተወልጄ ያደግሁ። ሥራዬ ፍሳሽ መመርመር ስለሆነ የዚህ ቁጥር ታሪክ ከሌላው ሰው በላይ ያሳስበኛል።

ምርመራው ባዮኬሚካል ኦክስጅን ፍላጎት ይባላል፤ እኛ በአጭሩ ቢኦዲ እንለዋለን። ባክቴሪያዎች በውኃ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ሲመገቡ በውኃው የሟሟውን ኦክስጅን ይፈጃሉ። ቆሻሻው በበዛ ቁጥር ኦክስጅኑ ያልቃል፤ ዓሣው ይሞታል፣ ውኃው ይጠቁራል፣ ይሸታል። ስለዚህ ናሙናው በተዘጋጀ ንጹሕ ውኃ ይቀጥናል፤ 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ አንዲት የአየር አረፋ ሳትቀር ይሞላል፤ ከዚያ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ሐሙስ የተዘጋው ማክሰኞ ይከፈታል። በመጀመሪያው ቀንና በአምስተኛው ቀን መካከል የጎደለው ኦክስጅን ይሰላል።

ነገሩ የተጀመረው እንግሊዝ አገር ነው። በ1858 እ.ኤ.አ. በጋ የቴምዝ ወንዝ ሽታ ለንደንን አስጨነቀ፤ የፓርላማው መጋረጃ ሳይቀር በኖራና በክሎሪን ውሕድ ተነክሮ ተሰቀለ። ከአሥር ዓመት በኋላ የወንዞች ብክለትን እንዲያጣራ በተቋቋመ ኮሚሽን ውስጥ ኬሚስቱ ኤድዋርድ ፍራንክላንድ ፍሳሽ የተቀላቀለበትን ውኃ ጠርሙስ ውስጥ ዘግቶ ኦክስጅኑ በየቀኑ እንዴት እንደሚቀንስ ተከታተለ። ኮሚሽኑ የደረሰበት መደምደሚያ ግልጽ ነበር፤ በእንግሊዝ ምድር የፈሰሰበትን ቆሻሻ በራሱ አጽድቶ የሚጨርስ ያህል ረጅም ወንዝ የለም አለ። ይህን አረፍተ ነገር አስታውሱልኝ።

በ1898 እ.ኤ.አ. የፍሳሽ አወጋገድን የሚያጠና ሌላ ንጉሣዊ ኮሚሽን ተሰየመ። በ1912 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምንተኛ ሪፖርት ነው ዛሬም በእጃችን ያለውን ሥርዓት የተከለው። ናሙናው አምስት ቀን ይቆይ አለ፤ ሙቀቱ 65 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 18.3 ሴልሺየስ ይሁን አለ፤ የአገሩ የበጋ ሙቀት ነበር። ወንዞችንም ደረጃ ሰጣቸው፦ በሊትር 1 ሚሊ ግራም የሚፈጅ በጣም ንጹሕ፣ 5 የሚፈጅ አጠራጣሪ፣ 10 የሚፈጅ መጥፎ። ቢያንስ ስምንት እጥፍ ንጹሕ ውኃ ወዳለበት ወንዝ የሚለቀቅ ፍሳሽ ከ20 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወሰነ። በመማሪያ መጻሕፍት ሲወርድ የመጣው ማብራሪያ ደግሞ አምስት ቀን የተመረጠው የእንግሊዝ ወንዞች ከምንጫቸው ባሕር እስኪደርሱ ከዚያ በላይ ስለማይወስድባቸው ነው ይላል። ከአምስት ቀን በኋላ ያለው የባሕሩ ጉዳይ ነው ማለት ነው። ኋላ ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ተስተካከለ፤ ቀኑ ግን እንዳለ ቀረ።

ኦክስጅኑን የምንለካበት መንገድም የራሱ አባት አለው። የሃንጋሪው ላዮሽ ዊንክለር በ1888 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዘዴ በየቀኑ ሥራዬ ውስጥ አለ። ጠርሙሱ ውስጥ ማንጋኒዝ ሰልፌት፣ ቀጥሎም አልካሊና አዮዳይድ ያለበት ፈሳሽ ይጨመራል። ኦክስጅን ካለ ቡናማ ዝቃጭ ይወርዳል፤ ከሌለ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አዲስ ተማሪ ነጩን ሲያይ የሚያደርገው የፊት ገጽታ አይረሳኝም፤ ቁጥር ሳይሰላ ውኃው መታፈኑ ታወቀ። ከዚያ አሲድ ሲገባ ዝቃጩ ይሟሟና ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል። ከቢዩሬት ታዮሰልፌት ጠብ ጠብ ይደረጋል፤ ቢጫው ሲገረጣ ስታርች ይጨመራል፤ ሰማያዊ ይሆናል፤ በመጨረሻዋ ጠብታ ሰማያዊው ድንገት ይጠፋል። አሁን በኤሌክትሮድ የሚለኩ መሣሪያዎች በዝተዋል። እኔ ግን ተማሪዎቼ በእጃቸው አንድ ጊዜ እስኪሠሩት ድረስ መሣሪያውን አላስነካቸውም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ይህ እውቀት የገባው በጤና ሙያ በኩል ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር ሳኒታሪያኖችንም አሠለጠነ፤ ውኃና ፍሳሽ የእነሱ ጉዳይ ነበር። አዲስ አበባ የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣኗን በ1963 ዓ.ም. አቋቋመች፤ የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬዎችም በ1970ዎቹ ሥራ ጀመሩ። በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የታነጸው አዲሱ የቃሊቲ ማጣሪያ የመጣው በ2010 ዓ.ም. ገደማ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ወዲህ ቢኦዲ ባለፋብሪካና ተቆጣጣሪ የሚከራከሩበት ቁጥር ሆኗል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አምስቱ ቀን ማንም ሳይነካው አብሮ መጣ።

ከፍታችንንም የጠየቀ የለም። በባሕር ጠለል ላይ፣ በ20 ዲግሪ፣ አንድ ሊትር ውኃ 9.1 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። እንደ ሶዶ ዳገቶች ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ከ7.1 ብዙም አያልፍም። ደንቡ ደግሞ ከአምስት ቀን በኋላ ቢያንስ 2 ሚሊ ግራም ተፈጅቶ ቢያንስ 1 እንዲቀር ይጠይቃል። እንግዲህ አስሉት፤ ቢኦዲው 250 የሆነ የከተማ ፍሳሽ 9 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ብናደርግ በሊትር 7.5 ሚሊ ግራም ይፈጃል። ባሕር ዳርቻ ያለ ላብራቶሪ 1.6 ይተርፈዋል፣ ውጤቱ ተቀባይነት አለው። እኛ ዘንድ ያው ናሙና ጠርሙሱን አድርቆት ይገኛል። ከውጭ መጽሐፍ የተቀዳ የመጠን ሰንጠረዥ ይዞ የሚሠራ ባለሙያ አምስት ቀን ጠብቆ ባዶ ያገኛል፤ በመሐል መብራት ጠፍቶ ኢንኩቤተሩ ከሞቀ ደግሞ ያም አይታወቅም። ስለዚህ ናሙናውን ከሰንጠረዡ አሳንሰን ብዙ ጠርሙስ ማዘጋጀት ግድ ይለናል።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የወንዙ ነገር ነው። የወላይታ ውኃ በምሥራቅ ወደ ብላቴ፣ በምዕራብ ወደ ኦሞ ይወርዳል። ብላቴ አባያ ገብቶ ይቆማል፤ ኦሞ ቱርካና ገብቶ ይቆማል። የአዲስ አበባን ፍሳሽ ከአቃቂ የሚቀበለው አዋሽ እንኳ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። አንዳቸውም ባሕር አይደርሱም። ለእንግሊዞቹ አምስተኛው ቀን መጨረሻ ነበር፤ ለእኛ መጀመሪያው ነው። ጉድጓድ የገባ ቆጮ በአምስተኛው ቀን ወጥቶ «ደረሰ» እንደማይባል ሁሉ፣ ፍሳሽም በአምስት ቀን አይጨርስም። ከተለመደው የቤት ፍሳሽ ባክቴሪያዎቹ በአምስት ቀን የሚያነሱት የካርቦኑን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፤ ቀሪው ሲሶና ከአሞኒያ የሚመጣው ፍላጎት ከዚያ በኋላ ይቀጥላል። ከቡና ማጠቢያ፣ ከቄራ፣ ከከተማ ቱቦ የሚወርደው ይህ ቀሪ የሚከፈለው ከሐይቁ ኦክስጅን ነው።

ሃሮልድ ስትሪተርና ኧርል ፌልፕስ በ1925 እ.ኤ.አ. የኦሃዮን ወንዝ ሲያጠኑ ኦክስጅኑ ከፍሳሹ መግቢያ በታች እንዴት እየወረደ ሄዶ ኋላ እንደሚያንሰራራ በቀመር አሳዩ። ያ ጥናት የተሠራው የወንዙን ፍጥነትና ጥልቀት እዚያው በመለካት ነበር። ለብላቴም እንዲሁ ይገባል ባይ ነኝ። እስከዚያ ድረስ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ከአምስት ቀኑ ጠርሙሶች ጎን፣ ይበልጥ የቀጠኑ፣ ለሃያ ቀን የሚቀመጡ ጠርሙሶች አሉ። ሪፖርቱ የሚጠይቀው የአምስቱን ቀን ብቻ ነው። ተማሪዎቹን ግን ሁለቱንም ዓምድ በአንድ መዝገብ ጎን ለጎን እንዲጽፉ፣ ከላይም የላብራቶሪውን ከፍታ በሜትር እንዲያሰፍሩ አደርጋለሁ።