የአንኮበር ጎተራና የመንዝ ጓሣ፤ በሰሜን ሸዋ ስለ ነበረው የሀብት አደላደል

ስለ ሸዋ ነገሥታት ከተጻፈው ታሪክ የሚበዛው የዘመቻና የሹም ሽር ወሬ ነው። እህሉ ከየት መጥቶ የት ይከማች እንደ ነበረ፣ ማን በምን መስፈሪያ ይሰፍረው እንደ ነበረ የሚያወሳው ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን ሠራዊት የሚዘምተው ስንቅ ሲኖረው ስለ ሆነ፣ ጎተራውን ሳያዩ ዘመቻውን ማወቅ የሚቻል አይመስለንም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የአንኮበር ቤተ መንግሥት እህልንና ጉልበትን እንዴት ያደላድል እንደ ነበረ፣ ያም ሥርዓት በክፉ ቀን ምን እንደ ገጠመው እንመረምራለን። ቀጥሎም ወደ መንዝ ወጥተን የጓሣን ሣር እናያለን፤ ንጉሥ ያልገባበት ሌላ ዐይነት አደላደል በዚያ ይገኛልና።

አንኮበር በደጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የአዋሽን በረሓ ቁልቁል ታያለች። ከበላይዋ ገብስ የሚዘራበት ብርዳም ደጋ፣ ከበታችዋ ጤፍና ማሽላ፣ ጥጥም የሚበቅልበት የይፋት ወይና ደጋና ቆላ አለ። በመካከሉ የዓልዩ አምባ ገበያ ይገኛል፤ ከታጁራ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሓ አቋርጦ፣ የአሳልንም ጨው በግመል ጭኖ የሚደርሰው እዚያ ነበር። የደጋውን ገብስ ውርጭ ቢመታው የቆላው ማሽላ ይደርሳል፤ ቆላውን አንበጣ ቢበላው ደጋው ይተርፋል። የሸዋ ነገሥታት ሀብት መሠረቱ ይህ ይመስለናል፤ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ሁለትና ሦስት ዐይነት አገር መያዝ።

ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር፣ በአንጎለላና በደብረ ብርሃን እየተዘዋወሩ ይቀመጡ ነበር። ይህን መዘዋወር እንግዶች የንጉሥ ልማድ ብቻ አድርገው ያዩታል። ነገር ግን ብዙ ሺህ ሰው የሚከተለው ግቢ በአንድ ስፍራ ከቆየ የአካባቢውን እንጨትና ድርቆሽ ይጨርሳል፤ እህሉን ወደ ሰው ከማጓዝ ሰውን ወደ እህሉ ማጓዝ ይቀላል። መንገድና ጋሪ በሌለበት አገር ይህ ራሱ የታሰበበት አደላደል ነበረ።

ወደ ጎተራው የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ባላገሩ በእህል፣ በማር፣ በቅቤ፣ በሰንጋና በሸማ የሚያገባው ግብር ነው። ሁለተኛው ከሁዳድ የሚገኘው ነው፤ የንጉሡን መሬት ባላገሩ በተወሰነለት ቀን በገዛ በሬው አርሶ፣ አርሞ፣ አጭዶና ወቅቶ ያስገባል። ከጎተራው የሚወጣው ደግሞ ለወታደሩ ቀለብ፣ ለካህናቱ፣ በበዓል ለሚበላው ግብር፣ ለእንግዳም ድርጎ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ በ1833 ዓ.ም. ማለቂያ 300 ጠመንጃ ከሌላ ገጸ በረከት ጋራ ይዞ ሲመጣ፣ እርሱና ጭፍሮቹ የበሉት ከዚሁ ድርጎ ነው። ሐሪስ በመጽሐፉ የንጉሡን ቸርነትና ንፉግነት እየመዘነ ብዙ ጽፏል፤ ዳቦው ከማን ማሳ እንደ መጣ ግን ብዙም አልጠየቀም።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሚያስቸግር አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ እርሱም መስፈሪያው ነው። ቁናም ሆነ ዳውላ በሁሉም ወረዳ አንድ ልክ አልነበረውም። ስለዚህ ግብሩ በቁጥር አንድ ሆኖ ቢታወጅም፣ ባላገሩ በእውነት የሚከፍለው በሰፋሪው ቁናና በሰፋሪው እጅ ይወሰን ነበር። ዛሬ የመንግሥት በጀት የምንለው ነገር ልኩ አንድ የሆነ መስፈሪያ ከሌለው ሊታሰብ አይችልም፤ የአንኮበር አዛዦች ይህን ጉድለት በልምድና በግምት ይሞሉት ነበር።

ሌላው የጉልበት ነገር ነው። ጎተራ ሙሉ ቢሆንም እህል ሳይፈጭ እንጀራ አይሆንም፤ ለግብር የሚሆነውን ዱቄት የሚፈጩት ሴቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ባሪያዎች ናቸው። በንጉሡ ዘመን ድሜጥሮስ የተባለ የአልባንያ ሰው በአይራራ ወንዝ ላይ የውሃ ወፍጮ ሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን ሐሪስ እንደ ጻፈው ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስለ ተቃወሙት ወዲያው ቀረ። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ያወራዋል። እኛ ግን በዚያ ቀን ወፍጮ ቤት ተንበርክከው የነበሩትን ሴቶች ብናስብ ቀልድ ሆኖ አይታየንም። የፈጪዎቹ ጉልበት በግቢው ሒሳብ ዋጋ የሌለው ሆኖ ስለ ተቈጠረ፣ ወፍጮው የሚያተርፈው ነገር አልታየም።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1820ዎቹ በሸዋ ረኃብ በደረሰ ጊዜ ጎተራቸውን ከፍተው ሕዝቡን እንደ መገቡ ይተረካል፤ በዚህም ተመስግነዋል። ምስጋናው ይገባቸዋል፤ ሆኖም ጎተራውን የሞላው ያው የተራበው ባላገር መሆኑን መዘንጋት አይገባም። የሰጡት የሰጣቸውን ነው። ደግሞም ጎተራው ለዚህ ተብሎ የተሠራ አልነበረም፤ የተሠራው ለወታደርና ለግብር ነው። ለረኃብ መዋሉ በንጉሡ ፈቃድ እንጂ በሕግ አልነበረም።

የዚህ ሥርዓት ትልቁ ፈተና የመጣው በልጅ ልጃቸው በአፄ ምኒልክ ጊዜ ነው። በ1880 ዓ.ም. ግድም ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋራ የከብት ደስታ በሽታ ወደ አገሩ ገባና ወደ ደቡብ እየወረደ ሸዋን መታ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከመቶው ከብት ዘጠናው አለቀ የሚል ነው። በዚያው ላይ ዝናም ጠፋ፤ አንበጣና ተምች ተጨመሩ። እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየውን ይህን ዘመን ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ ሰየመው።

ከላይ እንደ ተናገርነው የሸዋ ብልኃት ደጋው ሲጎድል በቆላው መሙላት ነበር። ደስታ ግን ደጋና ቆላ አልለየም። አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋራ በመቀናጆ ሊያርስ ይችል ነበር፤ ሁለቱም በሬዎች ከሞቱ ግን መቀናጆም የለም። በአንድ ቀን በጥማድ በሬ የሚታረሰውን መሬት ሰው በዶማ ቢቆፍረው ብዙ ቀን ይፈጅበታል፤ የሚቆፍረውም የተራበ ሰው ነው። ከዚህ የከፋው የዘር ነገር ነው። ቤተ ሰቡ ሲራብ ዘሩን በላ፤ ዝናሙ በተመለሰ ጊዜ በሬም ዘርም አልነበረም።

አፄ ምኒልክ ጎተራ አስከፈቱ፤ ቁፋሮ የሚያዋርድ ሥራ አይደለም ለማለትም ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው ቆፈሩ። መኳንንቱም ይህን እንዲከተሉ አዘዙ። ይህ የንጉሥ ምሳሌነት በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ጎተራ እህልን እንጂ በሬን ሊያከማች አይችልም። አንኮበር የአንድ ዓመት የእህል እጥረትን ለመሸከም የተሠራች ነበረች፤ የጎደለው ግን እህሉን የሚያስገኘው ኃይል ነበር። ደግሞም ቤተ መንግሥቱ አስቀድሞ ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም በ1879 ዓ.ም. ወደ ተቈረቈረችው አዲስ አበባ ስለ ሄደ፣ ለሰሜን ሸዋ ባላገር የንጉሡ እጅ ርቆ ነበር።

ከረኃቡ በኋላ በ1885 ዓ.ም. ግድም ወታደሩ ባላገር ቤት እየገባ መቀለቡ እንዲቀርና በምትኩ ባላገሩ አሥራት እንዲያገባ ታወጀ። ይህ ዐዋጅ ከረኃቡ የተገኘ ትምህርት ይመስለናል። በተሰሪ የሚቀለብ ወታደር የዘሩንና የሚበላውን እህል አይለይም፤ አሥራት ግን ቢያንስ ከመከር በኋላ የሚሰፈር፣ ልኩም ከምርቱ ጋራ የሚወጣና የሚወርድ ነው። በተግባር ግን አሥራት ሰብሳቢው ገና ያልታጨደውን እህል በዐይኑ ይገምት ስለ ነበረ፣ የመስፈሪያው ችግር በሌላ መልክ ተመለሰ። አሥራት የቀረው በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲተካው ነው።

አሁን ወደ መንዝ እንለፍ። ጓሣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የሣር አገር ነው። ጓሣ የተባለው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና እረኛው ለሚለብሰው ገሳ ይሆናል። በ17ኛው መቶ ዓመት አስቦና ገራ የተባሉ ሁለት አባቶች ከልለውት፣ የእነርሱ ተወላጆች በአጽመ ርስት በጋራ ይጠቀሙበት እንደ ነበረ ይነገራል። ጠባቂው የቄሮ ሥርዓት ነው፤ ተጠቃሚዎቹ በየአጥቢያቸው ሆነው አባ ቄራን ይመርጣሉ። ሣሩ ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል። ሲበቃ በበጋው ቀኑ ተነግሮ ይከፈታል፤ መጀመሪያ ይታጨዳል፣ ከዚያ ከብት ይገባል፣ ክረምት ሲቃረብ እንደገና ይዘጋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቄሮ የሚያድለው በቁና ሳይሆን በጊዜ መሆኑ ነው። የሚሠፈር ነገር ስለሌለ ሰፋሪ አያታልልም፤ ሁሉም በአንድ ቀን ይገባል፣ በአንድ ቀን ይወጣል። የሚዘጋውም የሚከፍተውም ተጠቃሚው ራሱ ነው። ጉድለቱም እንዳይሸፈን፣ ከአስቦና ከገራ ዘር ያልተወለደ ድኻ ከደጅ ቆሞ ያይ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ አጽመ ርስት ቀረ፤ ከእርሱም ጋራ ቄሮ ሥልጣኑን አጣ። ያ ከደጅ የቆመው ድኻ ገባ፤ ይህ ፍትሕ ነው። ነገር ግን በሩን የሚዘጋ ስለ ጠፋ ሣሩ እየተመናመነ ሄደ። የአካባቢው ሰዎች ከብዙ ምክክር በኋላ አዲስ መተዳደሪያ አበጁ፤ በ2000 ዓ.ም. ግድም ጓሣ በማኅበረ ሰብ የሚጠበቅ ክልል ሆነ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ዛሬም በዚያ ይኖራሉ፤ ተጠቃሚውም እንደ ዱሮው በአባት ዘር ሳይሆን በቀበሌ ነዋሪነት ይቈጠራል።