የመተግበሪያ ቅንብር ማስቀመጫ ታሪክ

አንድ ፕሮግራም ተጠቃሚው የመረጠውን ቋንቋ ወይም የፊደል መጠን ተዘግቶ ሲከፈት እንዳይረሳ፣ ምርጫው፣ ማለትም ቅንብሩ፣ በፋይል ተጽፎ መቀመጥ ይኖርበታል። የዚህ ማስቀመጫ ታሪክ በአመዛኙ ማን፣ መቼ ይጻፍበት የሚለው ደንብ ታሪክ ነው። የመጀመሪያዎቹ የዊንዶውስ እትሞች ቅንብርን በተራ የጽሑፍ ፋይሎች ሲይዙ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 ሬጂስትሪ የተባለውን ማዕከላዊ መዝገብ ዋና ማስቀመጫ አደረገው፤ ሆኖም መዝገቡን ብዙ ፕሮግራሞች ስለሚጋሩት የአንዱ ጥፋት ለሌላው መትረፉ አልቀረም።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው አንድሮይድ በአንጻሩ እያንዳንዱን መተግበሪያ በየራሱ የተጠቃሚ መለያና በየራሱ ማኅደር አጠረው፤ ለቅንብርም ሼርድ ፕሪፈረንስስ የተባለውን መሣሪያ አቀረበ። ቅንብሩ ኤክስኤምኤል በተባለው የጽሑፍ አቀራረብ የሚጻፍ ሲሆን፣ ለምሳሌ ለጨለማ ገጽታ በተሰጠው ስም፣ ማለትም ቁልፍ፣ አጠገብ «እውነት» ወይም «ሐሰት» የሚል ዋጋ ይሰፍራል። ፋይሉ አንድ ጊዜ በሙሉ ተነቦ በማስታወሻ ቋት ስለሚቀመጥና በዚያው ስም የሚጠይቁት የመተግበሪያው ክፍሎች ሁሉ አንዱኑ ቅጂ ስለሚያገኙ፣ የቅንብሩ ገጽ የለወጠውን የመነሻው ገጽ ወዲያው ያየዋል።

ችግሩ የመጣው ከመጻፉ ነው። ኮሚት የተባለው ትእዛዝ ለውጡ በፋይሉ እስኪሰፍር ድረስ የጠራውን ሥራ ያስጠብቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድሮይድ 2.3 የተጨመረው አፕላይ ግን በቋቱ ያለውን ወዲያው ለውጦ ጽሕፈቱን ወደ ኋላ ያስተላልፋል። ይሁን እንጂ ገጹ ሲዘጋ ሥርዓቱ ያልተጠናቀቀውን ጽሕፈት ስለሚጠብቅ፣ መተግበሪያው አንዳንድ ጊዜ ደርቆ ይቆማል። ፋይሉን ለሌሎች መተግበሪያዎች ክፍት ማድረግም ለደኅንነት አስጊ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዲቀር ተመከረ፤ ከ2016ቱ አንድሮይድ 7.0 ጋር ተስማምተው በተሠሩ መተግበሪያዎች ላይ ደግሞ ፈጽሞ ታገደ።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2020 ያስተዋወቀው ዳታስቶር የተባለው የቅንብር መሣሪያ ንባቡንም ጽሕፈቱንም ከገጹ ሥራ ለይቶ የሚያካሂድ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ለውጥ በሙሉ እንዲፈጸም ወይም በሙሉ እንዲቀር ያደርጋል። የቀድሞውን ፋይል ይዘት የሚረከብበት መንገድም አለው። በአንድ ሂደት ውስጥ አንዱን ፋይል ሁለት ዳታስቶሮች ቢከፍቱት ስሕተት ስለሚያስነሳ፣ ቀድሞ ለመተግበሪያው ሠሪ ጥንቃቄ የተተወው፣ ማን ይጻፍበት የሚለው ደንብ በመሣሪያው በራሱ የሚጠበቅ ሆኗል።