ከበርጩማ መነሳት፦ የአረጋውያን ጡንቻ፣ እንቅስቃሴና ቫይታሚን በኮልፌ ቀራኒዮ

አየር ጤና ወይም ቤተል አካባቢ አረጋዊ ያሉበት ቤት የገባ እንግዳ ብዙ ጊዜ ቡፌው ላይ፣ ከመነጽሩ ጎን፣ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያያል። ልጅ ከአሜሪካ በመንገደኛ የላከችው ቫይታሚን ነው። እናት በየጠዋቱ አንድ ፍሬ ውጠው ልጃቸውን ይመርቃሉ። ቡና ተጠጥቶ ከበርጩማቸው ሲነሱ ግን ሁለት መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው፣ «እመብርሃን!» ብለው ነው። ክኒኑ ጭናቸው ጋ አልደረሰም።

የጡንቻ መጠን ከ50 ዓመት በኋላ በየዓመቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይቀንሳል፤ አቅም ደግሞ ከመጠኑ ቀድሞ ይከዳል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኧርዊን ሮዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1989 «ሳርኮፔኒያ» ያሉትን ይህን መመንመን እኛ «እርጅና ነው» ብለን እናልፈዋለን። መለኪያው ግን ከማንም ቤት አይጠፋም። እጁን አጣምሮ ከወንበር አምስት ጊዜ ለመነሳት ከ15 ሰከንድ በላይ የሚፈጅበት አረጋዊ ጡንቻው እንደደከመ የአውሮፓ ባለሙያዎች መመሪያ ያመለክታል። ግድግዳ ያስደገፉት ወንበርና ሰከንድ የሚቆጥር ስልክ ይበቃል።

ክኒን ወይስ እንቅስቃሴ ለሚለው ጥያቄ ከማውቃቸው ጥናቶች ሁሉ ቀጥተኛ መልስ የሰጠው ማሪያ ፊያታሮኔና ባልደረቦቻቸው በቦስተን አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት ነው። በአማካይ 87 ዓመት የሆናቸው 100 የመጦሪያ ነዋሪዎች በአራት ተከፈሉ፤ ከፊሉ በእግሩ ክብደት ገፋ፣ ከፊሉ ቫይታሚንና ማዕድን ያለበት አልሚ መጠጥ ጠጣ፣ ከፊሉ ሁለቱንም አደረገ፣ የቀረው አንዱንም አላደረገም። ከ10 ሳምንት በኋላ ክብደት የገፉት የጡንቻ ጥንካሬያቸው በ113 በመቶ ጨመረ፤ ደረጃ የሚወጡበት አቅምም በ28 በመቶ ከፍ አለ። መጠጡን ብቻ የወሰዱት ድካማቸው አልቀነሰም። በ87 ዓመት ዕድሜ! «አለቀልኝ» ለሚሉ አባቶቻችን ሊነበብላቸው የሚገባ ውጤት ነው።

ቫይታሚን ዲ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። እጥረቱ ያለበት ሰው ጡንቻው ይደክማል፤ እጥረቱም በአገራችን አለ። «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» በምንለው አገር፣ አዳማ ላይ በተማሪዎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት 42 በመቶዎቹ እጥረት እንዳለባቸው አሳይቷል። አረጋውያን ደግሞ ጋቢያቸውን ተከናንበው የማለዳ ፀሐይ ነው የሚሞቁት፤ ቫይታሚኑን በቆዳ ውስጥ የሚሠራው ጨረር በማለዳ እጅግ ትንሽ ነው፣ በመስኮት መስታወትም አያልፍም። እጥረት ለሌለበት ሰው ግን መጨመሩ ጉልበት አይሆንም። በአምስት የአውሮፓ አገሮች 2,157 አረጋውያንን ለሦስት ዓመት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት በየቀኑ 2,000 ዩኒት ከመውሰድ ለእግር አቅም ጥቅም አላገኘም። በዓመት አንዴ 500,000 ዩኒት የወሰዱ የአውስትራሊያ አሮጊቶች ጭራሽ የመውደቅና የመሰበር አደጋቸው ጨመረ። ስለዚህ ሐኪም ሳያዝ መጠኑን ማብዛት አይገባም።

ምግብም አለ። ለአረጋዊ በኪሎ ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ 55 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ከ55 እስከ 66 ግራም መሆኑ ነው። ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚቆዩ ሰው ይህ በአንድ ገበታ ይከብዳል፤ ሽሮው ወፈር፣ ምስሩና ባቄላው በርከት ይበል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ አክብሮታችን ነው። እናት ጀሪካን ሲያነሱ «እማዬ፣ አንቺ ተቀመጪ!» እንላለን፤ አባት ዳገቱን በእግራቸው እንዳይወጡ ታክሲ እንጠራለን፤ ጭናቸው ግን በዚህ ሥራ ይፈታል። በአንጻሩ በቀራንዮ መድኃኔዓለም ደጅ የሚሰግዱ፣ በየመስጊዱ አምስት ወቅት ሩኩዕና ሱጁድ የሚያደርጉ አረጋውያን ጭናቸውን በየዕለቱ ያሠራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን፣ ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛንን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ የበር መቃን ይዞ በአንድ እግር መቆም፣ ውኃ የሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ ማንሳት ለመጀመሪያ ይበቃል። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ።

ጠርሙሱን የምትልኩ ልጆች፣ ስትደውሉ «መድኃኒቱን ዋጥሽ?» ከማለታችሁ በፊት «እማዬ፣ ዛሬ ከወንበርሽ ስንት ጊዜ ተነሳሽ?» ብላችሁ ጠይቁልን።