ተንቀሳቃሽ የጋዝ ማሞቂያ

ተንቀሳቃሽ የጋዝ ማሞቂያ በሲሊንደር የታሸገ ፕሮፔን ወይም ቡቴን እያቃጠለ አንድን ክፍል የሚያሞቅ፣ ከግድግዳም ሆነ ከጭስ ማውጫ ጋር ያልተያያዘ መሣሪያ ነው። ሙቀቱንም የቃጠሎውን ትርፍም የሚለቀው ሰው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ጥቅሙም አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። የቧንቧ ሥራ አይጠይቅም፤ መብራት ሲጠፋ አይቆምም፤ ከሳሎን ወደ ጓዳ እየተገፋ ይሄዳል። የሚተነፍሰውን አየር የሚያቀርብለትና የተቃጠለውን የሚያስወጣለት ግን የቤቱ መስኮትና የበሩ ስንጥቅ ብቻ ነው።

በሰፊው የሚታወቀው ባለ ሣጥኑ ዓይነት ነው። ከጉልበት ከፍ የሚል የቆርቆሮ ሣጥን ሆኖ ከሥሩ ጎማ አለው፤ ከፊቱ ሦስት የሴራሚክ ሰሌዳዎች ይታያሉ፤ ሲሊንደሩ ከጀርባው ይቀመጣል። በስፔን 12.5 ኪሎ የሚይዘው ብርቱካናማ የቡቴን ሲሊንደር ለዚሁ ሥራ የቤት ዕቃ ከሆነ ቆይቷል። በብሪታንያ ባለ 15 ኪሎው ሰማያዊ ሲሊንደር፣ በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ባለ 9 ኪሎው የተለመደ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ጆሃንስበርግ የሰኔና የሐምሌ ሌሊት ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲወርድ ቤቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የማዕከላዊ ማሞቂያ የላቸውም። የመብራት መቋረጥ ሲጨመርበት የጋዝ ማሞቂያ ቅንጦት መሆኑ ይቀራል፤ በዚያ ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ይህን አይስቱትም። በአሜሪካ የሚዘወተረው በእጅ የሚንጠለጠል ትንሽ ማሞቂያ ነው። 450 ግራም ያህል ፕሮፔን በያዘች ትንሽ ሲሊንደር ይሠራል፤ እንደ እሳቱ መጠን አንዷ ሲሊንደር ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ታገለግላለች። በኢትዮጵያ ግን ቡታጋዝ በዋነኛነት የማብሰያ ነው፤ ቤት ማሞቅ ለዘመናት የምድጃና የከሰል ሥራ ሆኖ ኖሯል።

ነዳጁ

አሜሪካዊው ኬሚስት ዋልተር ስኔሊንግ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መጀመሪያ ከቤንዚን እየተነነ የሚባክነውን ጋዝ ሲመረምር ፕሮፔንን ለይቶ አወጣ፤ የፈጠራ መብቱንም በ1913 አገኘ። የነዚህ ጋዞች ዋና ጠባይ በመጠነኛ ግፊት ፈሳሽ ሆነው መታሸጋቸው፣ ግፊቱ ሲላላ ደግሞ ተመልሰው መትነናቸው ነው። አንድ ሊትር ፈሳሽ ከ230 እስከ 270 ሊትር ጋዝ ይወጣዋል።

ሁለቱ ጋዞች በብርድ ይለያያሉ። ፕሮፔን ከዜሮ በታች እስከ 42 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ይተናል፤ ቡቴን ግን ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ሲጠጋ መትነኑን ያቆማል። ቡቴን ለቤት ውስጥ፣ ፕሮፔን ለደጅ የሆነው በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ነው። ፈሳሹ ሲተን ሙቀት የሚወስደው ከሲሊንደሩ ስለሆነ፣ ለሰዓታት በሙሉ ኃይል የሠራ ሲሊንደር ውጪው ያልበዋል፤ አንዳንዴም አመዳይ ይይዛል። በዚህ ጊዜ እሳቱ ይደክማል፤ ባለቤቱም ጋዙ ያለቀ ይመስለዋል። ሲሊንደሩን ትንሽ ነቅነቅ ሲያደርገው ግን ፈሳሹ ከውስጥ ይሰማል። መፍትሔው እሳቱን ቀንሶ መታገሥ ነው። ሲሊንደሩን በእሳት ማሞቅ አደገኛ ነው፤ ማጋደምም እንዲሁ፤ ሲጋደም ፈሳሹ እንዳለ ወደ ቱቦው ገብቶ ነበልባሉን ከመሣሪያው ውጭ ያዘልለዋል።

አንድ ኪሎ ጋዝ ወደ 13 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል። ባለ ሦስት ሰሌዳው ማሞቂያ ሁሉም ሲበራ 4.2 ኪሎዋት ገደማ ኃይል ስላለው በሰዓት 300 ግራም ያህል ጋዝ ይበላል። በዚህ ስሌት 15 ኪሎው ሲሊንደር ለ50 ሰዓት፣ በአንድ ሰሌዳ ብቻ ሲሠራ ደግሞ ለ150 ሰዓት ያህል ይበቃል።

አሠራሩ

በ20 ዲግሪ ሙቀት ፕሮፔን ሲሊንደሩ ውስጥ ከ7 ባር በላይ ግፊት አለው፤ ማሞቂያው የሚፈልገው ግን 30 ሚሊባር ገደማ ብቻ ነው። ይህን የሚያስተካክለው በሲሊንደሩ አፍ ላይ የሚገጠመው ሬጉሌተር ነው። የቡቴንና የፕሮፔን ሬጉሌተር በየፊናው የተሠራ ስለሆነ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ከሬጉሌተሩ ጋዙ በጎማ ቱቦ ወደ ማቃጠያው ይሄዳል።

ማሞቂያውን የሚያቀጣጥለው ሰው ቁልፉን ተጭኖ ብልጭታ ሰጪውን ቀጭ ያደርገዋል፤ መጀመሪያ የምትቀጣጠለው ትንሿ ጠባቂ እሳት ናት። ቁልፉ ወዲያው ሲለቀቅ እሳቷ ትጠፋለች፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ከነበልባሉ ውስጥ የገባችው ቴርሞካፕል የምትባል ቀጭን የብረት ዘንግ ስትግል ጥቂት ሚሊቮልት ኤሌክትሪክ ታመነጫለች፤ ያ ኤሌክትሪክ በማግኔት አማካይነት የጋዙን በር ክፍት አድርጎ ይይዛል። ዘንጓ እስክትግል ከ10 እስከ 30 ሴኮንድ መጠበቅ ያስፈልጋል። ነፋስ ወይም ሌላ ምክንያት እሳቱን ቢያጠፋው ዘንጓ ትቀዘቅዛለች፤ ማግኔቱ ይለቃል፤ ጋዙም ይዘጋል።

ሙቀቱን በማሰራጨት ረገድ ሦስት ዓይነቶች አሉ። ባለ ሴራሚኩ በሺህ በሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ጋዙን ገጽታው ላይ ያቃጥላል፤ ሰሌዳው እስከ 900 ዲግሪ ገደማ ግሎ ይቀላል፤ ሙቀቱም በጨረር መልክ በቀጥታ ከፊቱ ላለው ሰው ይደርሳል። ካታሊቲክ የሚባለው ነበልባል የለውም፤ ጋዙ ፕላቲነም በተቀባ ሰሌዳ ላይ በዝግታ ይቃጠላል። የዚህን መሠረት ያገኘው እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1817 ነው። ሦስተኛው በሰማያዊ ነበልባል አየሩን ራሱን የሚያሞቀው ነው፤ ክፍሉን በእኩል ያሞቃል እንጂ ሰውን ቶሎ አያሞቅም።

አየርና መርዝ

አንድ ኪሎ ቡቴን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 13 ሜትር ኩብ የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። ቁጥሩን በአንድ ክፍል ማየት ይቻላል። ወርዱም ርዝመቱም 4 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ሳሎን 40 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ማሞቂያው በሙሉ ኃይል ሲሠራ በሰዓት ወደ 4 ሜትር ኩብ አየር ኦክስጅኑን ይጨርሳል፤ ግማሽ ሜትር ኩብ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይለቃል። ክፍሉ ፈጽሞ ቢታፈን በአንድ ሰዓት ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠን ከ1 በመቶ ያልፋል፤ ይህም በጤናማ አየር ውስጥ ካለው ከሃያ እጥፍ በላይ ነው። ብርዱ እንዳይገባ ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ የደፈነ ቤት ለማሞቂያው እጅግ የከፋው ቤት ነው።

ኦክስጅኑ ሲያንስ ወይም ሰሌዳው በአቧራ ሲደፈን ቃጠሎው ይጓደልና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ሽታም ቀለምም የለውም። በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል፤ ንጹሕ አየር የሚተነፍስ ሰው እንኳ ከደሙ ግማሹን ለማስወጣት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ስለሆነ ጉንፋን ይመስላል። የሚለየው የቤቱን ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲይዝና ደጅ ሲወጡ ሲሻል ነው። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ራሱን ይስታል። ከሰል አቀጣጥሎ፣ በር ዘግቶ መተኛት የሚያስከትለው ሞት በኢትዮጵያ ደጋማ ከተሞች በየክረምቱ የሚሰማ ነውና መርዙ ለአንባቢው እንግዳ አይደለም። በደንብ የሚሠራ የጋዝ ማሞቂያ ከከሰል እጅግ ያነሰ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ ይህ እውነት ግን መኝታ ቤት ውስጥ አብርቶ ለመተኛት ፈቃድ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 የቴክሳስ ግዛት በብርድ ተመትቶ መብራት ሲጠፋ፣ ከሺህ በላይ ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዘው ሕክምና ፈልገዋል። ብዙዎቹን የጎዳው በጋራዥ ውስጥ የተነሣ መኪና፣ ቤት የገባ ጄኔሬተርና የከሰል መጥበሻ ነበር። የሬስቶራንት በረንዳ የሚያሞቀው ጃንጥላ መሰል ማሞቂያና በግንባታ ቦታ የሚሠራበት ነፊ ማሞቂያም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ የደጅ ዕቃ ቤት ውስጥ አይገባም።

ለቤት ውስጥ የሚሠሩ ማሞቂያዎች የኦክስጅን ጉድለት የሚያውቅ መከላከያ አላቸው። የጠባቂዋ እሳት አፍንጫ የተሠራው በክፍሉ ያለው ኦክስጅን ከ21 በመቶ ወደ 18 በመቶ ገደማ ሲወርድ ነበልባሉ ከቴርሞካፕሏ እንዲርቅ ተደርጎ ነው፤ ዘንጓ ስትቀዘቅዝ ጋዙ ይዘጋል። ዘዴው ብልህ ነው፤ የሚመለከተው ግን ኦክስጅንን እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን አይደለም። የቆሸሸ ማቃጠያ በቂ ኦክስጅን ባለበት ክፍልም መርዝ ሊያመነጭ ይችላል።

በከፍታ ቦታ ጉዳዩ ይወሳሰባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,355 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ 2,800 ሜትርን በምታልፈው ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የኦክስጅኑ ድርሻ ያው ቢሆንም አየሩ ስስ ነው። አንዳንድ አምራቾች ከ2,100 ሜትር በላይ ማሞቂያው ራሱ ሊጠፋ እንደሚችል በመመሪያቸው ያሰፍራሉ። ከውጭ አገር በሻንጣ የመጣ ማሞቂያ አዲስ አበባ ላይ እየበራ የሚጠፋ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ከፍታው ነው። የሚያሳስበው ቀጥሎ የሚደረገው ነው፤ ተበላሽቷል ብሎ መከላከያውን አልፎ እንዲሠራ የሚያደርግ ጠጋኝ አይታጣም። ለባሕር ጠለል አየር የተለካ አፍንጫ በስስ አየር ውስጥ ከሚገባው በላይ ጋዝ ይለቃልና፣ መከላከያው የተነሣበት ማሞቂያ ካርቦን ሞኖክሳይድ ለማመንጨት የተመቸ ይሆናል። በከፍታ ምክንያት የሚጠፋ ማሞቂያ ለዚያ ቦታ ያልተሠራ ማሞቂያ ነው፤ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ መተካት ይሻላል።

እርጥበት፣ እሳትና ፍሳሽ

ከአንድ ኪሎ ቡቴን ቃጠሎ 1.5 ኪሎ ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። በሙሉ ኃይል አራት ሰዓት የሠራ ማሞቂያ ሁለት ሊትር የሚጠጋ ውኃ ወደ ክፍሉ አየር ይጨምራል ማለት ነው። ይህ እንፋሎት መስኮት ላይ ይንጠባጠባል፤ በቀዝቃዛ የብሎኬት ግድግዳ ላይ ደግሞ ሻጋታ ያበቅላል። ነበልባሉ የሚፈጥረው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድም የመተንፈሻ አካልን ስለሚያስቆጣ አስም ላለበት ሰው አይስማማም።

ማሞቂያው ከመጋረጃ፣ ከአልጋና ከሶፋ ቢያንስ አንድ ሜትር መራቅ አለበት። ብዙ ጊዜ ቃጠሎ የሚነሣው እንዲደርቅ ከፊቱ ከተሰጣ ልብስ ወይም ጀርባውን ሰጥቶ የሚሞቅ ሰው ከለበሰው ጋቢ ጫፍ ነው።

ጋዙ ራሱ ሽታ የለውም፤ የሚከረፋው ፍሳሹ እንዲታወቅ ተብሎ በሚጨመርበት ኬሚካል ነው። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ፣ ቡቴን ሁለት ጊዜ ያህል ስለሚከብድ የፈሰሰው ጋዝ ወለል ላይ ይተኛል፤ ወደ ምድር ቤትም ይወርዳል። በአየር ውስጥ 2 በመቶ ገደማ ሲደርስ ለመቀጣጠል በቂ ነው። ስለዚህ ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር መጋጠሚያው በሳሙና አረፋ ይቀባል፤ አረፋው ካበጠ ጋዝ እየወጣ ነው። በክብሪት መፈተሽ ፈጽሞ አይገባም። ሽታ ከተሰማ የሲሊንደሩ ቁልፍ ይዘጋል፤ በርና መስኮት ይከፈታል፤ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ አይነካም። ጎማ ቱቦው ላይ የታተመው የመቀየሪያ ዓመት ካለፈ፣ ባይሰነጠቅም ይቀየራል።

ሕግ

የአውሮፓ አገሮች ጭስ ማውጫ የሌለውን የቤት ማሞቂያ ኢኤን 449 በተባለው ደረጃ ይቆጣጠራሉ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ለመኖሪያ ቤት ውስጥ የታሰበ ጭስ ማውጫ አልባ የጋዝ ማሞቂያ መሸጥ ይከለክላል፤ የአገሪቱ የፈሳሽ ጋዝ መመሪያም 20 ፓውንድ የሚይዘውን የመጥበሻ ሲሊንደር መኖሪያ ቤት ውስጥ ማስገባትን አይፈቅድም። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በሚኒሶታ በኪራይ አፓርትመንት የሚኖር ሰው መብራት ሲጠፋ የሚመኘው ይህንኑ ሲሊንደር ስለሆነ፣ የኪራይ ውሉንም የእሳት አደጋ ደንቡንም ከክረምት በፊት ማየት ይበጀዋል።

ማሞቂያው የሚያበረክተው ሰው ነቅቶ በተቀመጠበት ክፍል፣ መስኮት ገርበብ ብሎ፣ ለጥቂት ሰዓታት ሲሠራ ነው። በአጠገቡ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ሊኖር ይገባል፤ ማንቂያው ውስጥ ያለው መርማሪ ከ5 እስከ 10 ዓመት አገልግሎ ስለሚደክም በጀርባው ላይ የተጻፈው ቀን ሲደርስ ባትሪው ሳይሆን ማንቂያው በሙሉ ይቀየራል።