የሥራ ላይ ደህንነት ሕግ የጣሰ አሠሪ ቅጣት እንዴት ይወሰናል?

የሠራተኛን ሕይወትና ጤንነት ለአደጋ ያጋለጠ አሠሪ በኢትዮጵያ የሚጣልበት የገንዘብ ቅጣት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይመራል። አዋጁ የቅጣቱን መነሻና ጣሪያ ከመደንገጉም በላይ፣ ጥፋቱ ለስንተኛ ጊዜ እንደተፈጸመ፣ የድርጅቱ ኢኮኖሚያዊና ድርጅታዊ አቋም እንዲሁም ጥፋቱ የተፈጸመበት ሁኔታ ከግምት እንዲገባ ያዛል። በመሆኑም የቅጣቱ ክብደት በእጅጉ የተመሠረተው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው በመስክ በሚያዘጋጀው መዝገብ ላይ ነው።

የአሠሪው ግዴታ

የአዋጁ አንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኞቹን ደህንነትና ጤንነት ለመጠበቅ ሊያሟላቸው የሚገቡ ግዴታዎችን ይዘረዝራል። ከእነዚህም መካከል ሠራተኛው ስለ ሥራው አደገኛነት እንዲያውቅ ማድረግ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ ማቅረብ፣ አደገኛ ሥራ ላይ የሚሰማሩትን በራሱ ወጪ ማስመርመር፣ እንዲሁም የደረሱ አደጋዎችንና ከሥራ የሚመጡ በሽታዎችን መዝግቦ ለቁጥጥር አገልግሎቱ ማሳወቅ ይገኙበታል።

ከማስጠንቀቂያ እስከ ቅጣት

ቅጣት የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም። ተቆጣጣሪው የሥራ ቦታው፣ መሣሪያው ወይም የአሠራር ዘዴው ለሠራተኞች አስጊ ሆኖ ሲያገኘው፣ አሠሪው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲያስተካክል በቅድሚያ መመሪያ ይሰጣል። አሠሪው ካላስተካከለ ትዕዛዝ ይከተላል። በትዕዛዙ ያልተስማማ አሠሪ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል። ይሁን እንጂ አጣዳፊ አደጋን ለመከላከል የተሰጠ ትዕዛዝ ይግባኝ በመጠየቁ ምክንያት አፈጻጸሙ አይታገድም።

ለአብነት ያህል በደቡብ ወሎ ዞን ኩታበር ከተማ አንድ ሥራ ተቋራጭ ሠራተኞቹን ያለ መከላከያ ቀበቶ ከፍታ ላይ ያሠራል እንበል። ተቆጣጣሪው ጉድለቱን በቃል ብቻ ነግሮ ቢመለስና ከወራት በኋላ ተመሳሳይ ጉድለት ቢገኝ፣ ቀደም ሲል ስለነበረው ጥፋት የሚመሰክር ሰነድ አይኖርም። ተቋራጩ በተደጋጋሚ ጥፋት ሳይሆን እንደ አዲስ አጥፊ ይታያል። የግንባታው ባለቤት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሆንም እንኳ፣ ሠራተኞቹን ቀጥሮ የሚያሠራው ተቋራጩ በመሆኑ የአሠሪነት ኃላፊነቱ የእርሱ ነው።

የቅጣቱ መጠን

ቀደም ሲል በሥራ ላይ በነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የተደነገጉት የገንዘብ ቅጣቶች ከ1 ሺህ 200 ብር አይበልጡም ነበር። ይህ ገንዘብ ለበርካታ ድርጅቶች የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ከመግዛት ይልቅ ቅጣቱን መክፈል የሚቀልበት ሁኔታ የሚፈጥር ነበር።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቅጣቱን ከፍ ከማድረጉም ባሻገር በድግግሞሽ ከፋፍሎታል። የሥራ ሰዓት ገደብን የጣሰ አሠሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ5 ሺህ እስከ 10 ሺህ ብር፣ ለሁለተኛ ጊዜ ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ብር፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከ15 ሺህ እስከ 30 ሺህ ብር ይቀጣል። ጥፋቱ ከሦስት ጊዜ በላይ ከተደጋገመ ድርጅቱን እስከ ማዘጋት የሚያደርስ እርምጃ ሊወሰድ ይችላል። የደህንነት ደንቦችን በመጣስ የሠራተኛን ሕይወት ለከባድ አደጋ ማጋለጥ እንዲሁም የተቆጣጣሪን ትዕዛዝ አለመፈጸምም የራሳቸው ቅጣት ተደንግጎላቸዋል።

ቅጣትና ካሳ

የገንዘብ ቅጣቱ ለመንግሥት የሚገባ በመሆኑ ከተጎጂው ካሳ ጋር ሊቀላቀል አይገባም። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት በሕጉ መሠረት ኃላፊ ነው። ጥፋቱ ሞት ካስከተለ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ወንጀል ሕግ ይሸጋገራል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 መሠረት የሌላውን ሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ወይም ሌላ ግዴታ እያለበት በቸልተኝነት ሞት ያደረሰ ሰው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራትና ከ3 ሺህ እስከ 6 ሺህ ብር መቀጮ ይጠብቀዋል።

አሠሪ የሌለበት ሥራ

የአዋጁ ቅጣት ተፈጻሚ እንዲሆን የአሠሪና የሠራተኛ ግንኙነት መኖር አለበት። በዚሁ ዞን በደላንታ ወረዳ ወጣቶች በገደላማ ሥፍራዎች ዋሻ ቆፍረው ኦፓል ያወጣሉ። በ2016 ዓ.ም በወረዳው አንድ የኦፓል ማውጫ ዋሻ ተደርምሶ ማዕድን አውጪዎች ውስጥ ተቀብረው ነበር። ለራሳቸው በሚሠሩ አውጪዎች ላይ የአሠሪ ቅጣት ሊጣል ስለማይችል፣ ዋነኛው የመቆጣጠሪያ መንገድ በማዕድን ሕጉ መሠረት የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ይህም ፈቃድ ሰጪው አካል አደጋው ከመድረሱ በፊት ሥፍራውን የማየት ኃላፊነቱን ያከብደዋል።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ1991 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ለሕግ ጥሰት በቂ ቅጣት እንዲኖር ይጠይቃል። በእንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ ከ2016 ጀምሮ ፍርድ ቤቶች የጥፋቱን ደረጃ፣ የጉዳቱን አስጊነትና የድርጅቱን ዓመታዊ ገቢ አመዛዝነው ቅጣት ይወስናሉ። አሜሪካ በበኩሏ የቅጣቱን ጣሪያ ከዋጋ ንረት ጋር በየዓመቱ ማስተካከል የጀመረችው በዚያው ዓመት ነው። በኢትዮጵያ ግን መጠኑ በአዋጅ በብር የተወሰነ በመሆኑ የገንዘብ የመግዛት አቅም በቀነሰ ቁጥር ክብደቱም አብሮ ይቀንሳል።

በወረዳ ደረጃ የሚዘጋጅ የቁጥጥር መዝገብ የጉብኝቱን ቀን፣ የተገኘውን ጉድለት፣ የተሰጠውን የማስተካከያ ጊዜና የአሠሪውን የመረከቢያ ፊርማ አሟልቶ ሲገኝ፣ ድግግሞሽን መሠረት ያደረገው ቅጣት በተግባር ሊተረጎም ይችላል።