ሰልፉ በቀን ሁለቴ ይሁን የተባለባት ከተማ

በሰሜን ስፔን ከፈረንሳይ ድንበር አፍንጫ ሥር ፉዌንቴራቢያ የምትባል የባስኮች ከተማ አለች። በአገሬው አጠራር ኦንዳሪቢያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1638 የፈረንሳይ ጦር 69 ቀን ከበባት፤ እጇን ግን አልሰጠችም። የከተማዋ ሰው ይህን ድል በየዓመቱ ሴፕቴምበር 8 ቀን "አላርዴ" በተባለ ሰልፍ ያስበዋል። ዓሣ አጥማጁም ገበሬውም ጠመንጃ ተሸክሞ፣ በከበሮና በዋሽንት ታጅቦ በጠባቦቹ መንገዶች ያልፋል።

በ1960ዎቹ የፍራንኮ መንግሥት ትልቁ የገቢ ተስፋ ቱሪዝም ሆነ። በ1960 ወደ 6 ሚሊዮን የነበረው የውጭ ጎብኚ በ1970 ወደ 24 ሚሊዮን ደረሰ። ቁጥሩን ላየ ሁሉ አገሪቱ ተሳክቶላታል።

በዚያው ዘመን ዴቪድ ግሪንውድ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት እዚያ ነበር። ለቱሪዝም አልመጣም፤ የአካባቢው እርሻ ለምን እየሞተ እንደሆነ ሊያጠና ነው የመጣው። በ1969 የከተማው አስተዳደር ጎብኚ ሁሉ እንዲያይ ሰልፉ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ እንዲካሄድ ወሰነ። ለባለ ሆቴል ይህ ብልህ ውሳኔ ነው። ግሪንውድ ያየው ሌላ ነበር፤ ሰው ለራሱ ሲል ያደርገው የነበረው ነገር በሁለት ዓመት ውስጥ የሚሸሹት ግዴታ ሆነ። ለተሰላፊዎች ገንዘብ ስለመክፈልም ይወራ ጀመር።

ይህን የትኛው መጠይቅ ይይዘዋል? "ከ1 እስከ 5 ምን ያህል ረክተዋል?" ተብሎ የሚጠየቀው ጎብኚው ነው፤ እሱ ደግሞ ረክቷል። የተሰላፊው መሰላቸት የሚታወቀው ጎረቤት ሆኖ ለሚኖር፣ ትናንት የተባለውን ከዛሬው ጋር ለሚያነጻጽር ሰው ነው። ዓይነታዊ ምርምር የሚባለው ይኸው ነው። አንዳንድ ተማሪ ግን "ስንት ሰው ላነጋግር?" ብሎ ይጀምራል፤ ቆጠራውን በጓሮ በር መልሶ ማስገባቱ ነው።

የግሪንውድ ጽሑፍ በ1977 ቫሊን ስሚዝ ባዘጋጀችው መጽሐፍ ውስጥ ወጣ። ርዕሱ ባህል በሚዛን ተመዝኖ ይሸጣል የሚል ምሬት ያዘለ ነበር። የቱሪዝም ጥናት ገና ቁም ነገር ተደርጎ በማይታይበት ጊዜ ይህች አጭር ጽሑፍ የብዙ ክርክር መነሻ ሆነች። ቱሪዝም ባህልን ይገድላል ለሚል ሁሉ አላርዴ ማስረጃ ሆነ።

አላርዴ ግን አልሞተም። መጽሐፉ በ1989 እንደገና ሲታተም ግሪንውድ ማስተካከያ ጨመረበት፤ ሰልፉ ከፍራንኮ በኋላ በመጣው የክልሎች መብት ትግል ውስጥ አዲስ ፖለቲካዊ ትርጉም አግኝቶ ደምቆ ነበር። በራስ ጽሑፍ ላይ እንዲህ መጻፍ በሙያው ብዙ አይታይም። ስህተቱ ያየውን አለማየቱ አይደለም፤ የሁለት ዓመት ትዝብትን የታሪኩ መጨረሻ ማድረጉ ነው።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ማንም ያልገመተው ጠብ ተነሣ። በልማዱ እያንዳንዱ ቡድን አንዲት ወጣት ብቻ ለክብር ያሰልፍ ነበር። ሴቶች "እኛም እንደ ወንዶቹ ጠመንጃ ይዘን እንሰለፍ" ሲሉ ከተማዋ ለሁለት ተከፈለች፤ ቤተሰብ ተኳረፈ። ሴቶች ያሉበት ቡድን ሲያልፍ ዳር የቆሙት ተቃዋሚዎች ጀርባቸውን ሰጡ፤ ጥቁር ፕላስቲክ ዘርግተው ጋረዱት። ጀርባቸውን የሰጡት እነዚህ ሰዎች ቱሪስቶች አልነበሩም።