ከሌባሻይ እስከ ውሸት መመርመሪያ

ቡራዩ፣ ከገፈርሳ ውኃ አጠገብ አብረን ያደግን ወዳጄ ዛሬ ኑሮው አሜሪካ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የመንግሥት ሥራ አመለከተ። ምስጢር ቢሰጠው የሚጠብቅ ሰው መሆኑ እንዲረጋገጥም በውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ፊት ተቀመጠ። ደረቱን በጎማ ቱቦ ታጠቀ፤ ክንዱ በደም ግፊት መለኪያ ተጠመጠመ፤ በጣቶቹ ላይ ሽቦ ተሰካ። «ስሜን ሲጠይቁኝ እንኳ ልቤ ይደልቅ ነበር» አለኝ በስልክ። ልጆች ሳለን አንድ ሌሊት በራቸው ተንኳኩቶ አባቱ ተወስደው ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንበር ይዞ የሚጠይቅ ሰው ባየ ቁጥር መዳፉ በላብ ይረጥባል። መሣሪያው ይህን ታሪክ ከየት ያውቀዋል? ላቡን መዘገበ። ወዳጄም ሥራውን ሳያገኝ ቀረ።

ይህን ስሰማ ትዝ ያሉኝ ሱሉልታ የኖሩት ነፍሳቸውን ይማርና አያቴ ናቸው። እርሳቸው ከአባታቸው የሰሙትን የሌባሻይ ወግ ይነግሩን ነበር። ንብረት የጠፋበት ሰው ለሹም ያመለክታል። ነፍስ ያላወቀ ልጅ ይመጣና ባለመድኃኒቱ የሚጠጣ ይሰጠዋል፤ ያጨሰዋል። ልጁ ራሱን ሲስት ወገቡ በገመድ ታስሮ ይለቀቃል፤ ገመዱን የያዘውም ይከተለዋል። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ ከወደቀበት ቤት ባለቤቱ ሌባ ተብሎ ይያዛል፤ የጠፋውንም ይከፍላል። «የሰረቀው ብቻ መሰለህ የሚንቀጠቀጠው?» ይሉ ነበር አያቴ። «መንደሩ ሁሉ ነው። ሁሉም በየበሩ ቆሞ፣ ‹አደራህን ከእኔ ደጅ አታድርሰው› እያለ አምላኩን ይለምናል።»

ሌባሻይ ከጊዜ በኋላ በሕግ ተከለከለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተሰኘው መጽሐፋቸው በአልጋ ወራሽነታቸው ዘመን ከተሻሻሉት ልማዶች ጋር ያነሡታል። ከርሱ ጎን ለጎን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለውም ነበር። ወንጀል በተፈጸመበት አገር ያለው ሕዝብ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ እርሻውንና ከብቱን ትቶ ይቀመጣል። ወንጀለኛው ካልተገኘ ዕዳው የሁሉም ይሆናል። ይሁንና አፈርሳታ ሰው ሰውን የሚጠይቅበት፣ ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ አፍ አውጥቶ የሚመሰክርበት ጉባኤ ነበር። ሌባሻይ ግን ሰውን ዝም አሰኝቶ ምልክትን የሚያናግር ነው።

በእኛ አገር ይህ ልማድ ሊቀር በተቃረበበት ዘመን ባሕር ማዶ የእርሱ ዘመድ ይወለድ ነበር። ዊልያም ማርስተን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ፣ ውሸታም የደም ግፊቱ ይጨምራል ብሎ ሙከራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1921 ደግሞ በካሊፎርኒያ የበርክሊ ከተማ ፖሊስ የነበረው ጆን ላርሰን የደም ግፊትንና ትንፋሽን በአንድነት የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራ። በ1923 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የማርስተንን ምርመራ በማስረጃነት አልቀበልም አለ። ማርስተን ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ1941 «ዎንደር ውማን» የምትባለውን የሥዕል ታሪክ ጀግና ፈጠረ፤ በገመዷ የታሰረ ሁሉ እውነት ይናገራል። አንባቢ ሆይ፣ ገመዱን ልብ በልልኝ።

የመሣሪያው ታሪክ ከዚያ በኋላም ከሌባሻይ ወግ እምብዛም አይርቅም። ለሶቭየት ኅብረት ይሰልል የነበረው የሲአይኤ ባልደረባ ኦልድሪች ኤምስ በ1986 እና በ1991 ተመርምሮ ሁለቴም አለፈ፤ የተያዘው በ1994 ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2003 ባሳተመው ጥናት ስሌቱን አስቀመጠ። ከ10,000 ሠራተኞች መካከል 10 ሰላዮች አሉ እንበል። መሣሪያው እጅግ ጥሩ ነው ብለን፣ ከ10ሩ 8ቱን እንዲይዝ ብናስተካክለው፣ ከ8ቱ ጋር ወደ 1,600 የሚጠጉ ንጹሓን አብረው ይወድቃሉ። አገሪቱ በ1988 አብዛኞቹ የግል ቀጣሪዎች ሠራተኛን በዚህ መሣሪያ እንዳይፈትኑ በሕግ ከልክላለች። መንግሥት ግን ራሱን ከክልከላው ውጭ አደረገ።

ታዲያ ለምን ይኖራል? ሌባሻይ ለምን እንደኖረ የሚመልሰው ይህንንም ይመልሳል። ልጁ ሳይደርስበት የሰረቀውን ጥሎ የሚሸሽ ሌባ ነበረ። ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ የሚናዘዝም አለ። የሚሠራው መድኃኒቱ ወይም ሽቦው ሳይሆን እምነቱ ነው። ከምኖርበት ከሰበታ ስወጣ መንገድ ዳር የሚበቅል አስተናግር የሚሉት ዕፅ አለ። ስሙን ለሰማ እውነትን የሚያናግር ይመስላል፤ የቀመሰው ግን ይለፈልፋል እንጂ እውነት አይናገርም።

አሁን የራሴን ልናገር። በምሠራበት ባንክ አንዲት አዲስ ካሸር አንድ የበዓል ዋዜማ ሒሳብ ስትዘጋ 5,000 ብር ጎደለባት። ስትጠየቅ ድምፅዋ ተቆረጠ፤ ግንባሯ በላብ ራሰ፤ የምትቆጥረው ብር ከእጇ ወደቀ። እኔም ለአለቃችን፣ «ፊቷን አይተውታል?» አልኋቸው። ያልሁት ይህን ብቻ ነው፤ ግን በቃ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ገንዘቡን በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው መጡ። «ልጄ፣ አብዝተሽ ሰጥተሽኝ ኖሮ ቤቴ ስቆጥር አገኘሁት» አሏት። ያን ጊዜ አለቀሰች። እስከ ዛሬ ሰላምታዬን በአንገቷ ብቻ ትመልሳለች። ያን ቀን ገመድ አልነበረም፤ ሽቦም አልነበረም። ሌባሻዩ እኔ ነበርሁ።

ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ያ የአያቴ መንደር ፎቅ በቅሎበታል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መርማሪ ፖሊስ በማስፈራራት ቃል እንዳይቀበል ይከለክላል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም የተያዘ ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም ይላል። እነዚህ ድንጋጌዎች የተጻፉት ለሹማምንት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን የሌላውን መንቀጥቀጥ አይተን የምንፈርድ እኛም አለን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አበው። እስኪጠራ መታገሥ ያቃተው ነው ገመድ የሚፈልገው።

ለወዳጄ ይህን ሁሉ በስልክ ብነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም፣ «ልጅቷን ይቅርታ ጠይቀሃታል?» አለኝ።

አልጠየቅሁም ነበር። ሰኞ እጠይቃታለሁ።